ከውጭ አገር ለተባረረ ሰው አቤቱታ ሲጻፍ፦ ከቀጠናዊው ሕግ መነሣት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው ለተመለሱ ልጆች ተጽፈው ያየኋቸው አቤቱታዎች አብዛኞቹ «በተባበሩት መንግሥታት ሕግ መሠረት» ብለው ይጀምራሉ። አጀማመሩ ያምራል፤ ጉልበት ግን የለውም። ሳዑዲ ዓረቢያ የተባበሩት መንግሥታትን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ያልተቀበለች አገር ስለ ሆነች፣ ስለ ውጭ ዜጎች መባረር በሚደነግገው አንቀጽ 13 አትጠየቅም። የዓረብ የሰብዓዊ መብቶች ቻርተርን ግን እ.ኤ.አ. በ2009 (ቀጥለው ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ተቀብላለች፤ የቻርተሩ አንቀጽ 26 በሕጋዊ መንገድ የሚኖርን የውጭ ዜጋ ያለ ሕጋዊ ውሳኔ፣ አቤቱታ የማቅረብም ዕድል ሳይሰጠው ማስወጣትን ይከለክላል፤ የጅምላ ማባረርን ደግሞ በማናቸውም ሁኔታ አይፈቅድም።

ስለዚህ አስቀድመው አመልካቹ በተባረረበት ዕለት ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) የጸና እንደ ነበር ያረጋግጡ። ጊዜው አልፎ ከሆነ አቤቱታውን በጅምላ ማባረር ክልከላ ላይ ይመሥርቱት። ይህን ክልከላ በዓለም አቀፉ ቃል ኪዳን ውስጥ በስሙ አያገኙትም፤ ያቆዩት ቀጠናዎቹ ናቸው። አውሮፓ በ1963፣ አሜሪካ አህጉር በ1969፣ አፍሪካ በ1981 በየስምምነቶቻቸው ጻፉት፤ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽንም ካሜሩናዊው ሞሪስ ካምቶ በመሩት ሥራ በ2014 ባጸደቀው ረቂቅ አንቀጽ 9 አድርጎ አስገባው። ረቂቁ አስገዳጅ ስምምነት ስላልሆነ በደጋፊነት ብቻ ይጥቀሱት።

አቤቱታውን ለኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አድርገው መንግሥት በዲፕሎማሲ እንዲጠይቅ ያመልክቱ፤ የዓረብ ቻርተር ለግለሰብ የክስ በር አልከፈተምና። ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚያስኬድ የአህመዱ ሳዲዮ ዲያሎ ጉዳይ ያሳያል። በዛየር (በዛሬዋ ዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ኮንጎ) ለ32 ዓመታት የኖሩትን ይህን የጊኒ ነጋዴ መንግሥት በጥር 1996 አባረራቸው፤ በሰጣቸው ወረቀት ላይ ግን «ማባረር» ሳይሆን ይግባኝ የማይባልበት «መመለስ» ተብሎ ተጻፈ። ጊኒ ስለ ዜጋዋ ከሰሰች፤ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2007 ኮንጎ በራሷ ስሕተት ልትጠቀም እንደማትችል ገልጾ፣ በ2010 የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 13 እና የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 12(4) ተጥሰዋል ሲል ወሰነ። የቀጠናውን ስምምነት ሲተረጉምም የቀጠናውን ተቋም ትርጓሜ ከግምት ማስገባት እንዳለበት ጻፈ፤ ለእኔ ከካሳው 95,000 ዶላር የሚበልጠው ይህ ቃል ነው። አመልካቹ የያዘው ወረቀት ምን እንደሚልም አብረው ይመርምሩ።

ያባረረችው አገር አፍሪካዊት ከሆነች ባንጁል (ጋምቢያ) ላለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን መጻፍ ይቻላል፤ የአገሩን ፍርድ ቤቶች ሳይሞክሩ መጡ መባል ግን አይቀርም። ኮሚሽኑ ዛምቢያ ያባረረቻቸውን 517 ምዕራብ አፍሪካውያን ጉዳይ ሲያይ፣ በጅምላ ተጭነው የተወሰዱ ሰዎች ያን ዕድል አላገኙም ብሎ ተቃውሞውን ውድቅ አድርጎታል፤ ይህንኑ ይጥቀሱ።

በመጨረሻም ቀኖቹን ያስታርቁ። የሳዑዲ ወረቀት በሒጅራ፣ የእኛ ማኅተም በዓመተ ምሕረት፣ ሊሴ ፓሴው (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ) በአውሮፓ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ሌላውን አቆጣጠር ጽፈው ዋናውን ወረቀት ሳይሆን ቅጂውን ያያይዙ።