በዶሮ እርባታ ብክነትን ከመኖው እስከ ኩሱ እንዴት መቀነስ ይቻላል

የዶሮ እርባታን ዘላቂ ማድረግ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፀሐይ ኃይል መሣሪያ ነው። ጥቅሙ ባይካድም፣ ከእርባታው ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው መኖ ስለሆነ ሥራውን ከዚያ መጀመር ይሻላል።

በመጀመሪያ የመመገቢያው ጠርዝ ከዶሮዎቹ ጀርባ ጋር እኩል እንዲሆን አድርገው ያንጠልጥሉት፤ እያደጉ በሄዱ ቁጥርም ከፍ ያድርጉት። እስከ አፉ የተሞላ መመገቢያ መኖው በመንቁር እየተጠረገ እንዲፈስ ስለሚያደርግ በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ይመረጣል። የመኖው ይዘትም ከዕድሜያቸው ጋር ይመጣጠን። ዶሮዎች ከሚያስፈልጋቸው በላይ ፕሮቲን ሲበሉ ትርፉ ናይትሮጅን ከኩሳቸው ጋር ወጥቶ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ ያላግባብ የበዛ ፕሮቲን እንግዲህ ገንዘብ ከፍሎ ሽታ እንደ መግዛት ነው።

ቀጥሎ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ ይጎዝጉዙ። እርጥበቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጠው መልቀቅ ይበቃል፦ ተጣብቆ ከቀረ ርሷል፣ ጨርሶ ካልተያያዘና አቧራ ካስነሳ ከልክ በላይ ደርቋል፣ ጥቂት ተያይዞ ወዲያው ከተበተነ ግን ልኩ ነው። የእርጥበቱ ምንጭ ብዙ ጊዜ የሚያንጠባጥብ መጠጫ ስለሆነ ጉዝጓዙን ከመቀየርዎ በፊት መጠጫውን ይመርምሩ። አሞኒያው ዓይንዎን ካቃጠለ ዶሮዎቹም እየተጎዱ ነውና ለብርድ ተብሎ የተዘጋውን መስኮት ይክፈቱ።

ከቤቱ የወጣውን ኩስና ጉዝጓዝ በጥሬው ማሳ ላይ መበተን ተክሉን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ወደ ኮምፖስት ይለውጡት። ኩስ በናይትሮጅን የበለጸገ በመሆኑ፣ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን እንዲኖር ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ይጨምሩበት። ሙቀት እንዲይዝ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍታ አድርገው ከጉድጓድ ውኃና ከወንዝ በራቀ ቦታ ይከምሩት፤ ዶሮዎችም እንዳይደርሱበት ያድርጉ። ክምሩ ለ15 ቀናት ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ ያላነሰ ሙቀት ሊጠብቅ ይገባል፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥም ዳር የነበረው ወደ መሐል እንዲገባ ቢያንስ 5 ጊዜ ሲገላበጥ ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ጀርሞች ይሞታሉ። ሲያገላብጡት ዳግም የማይሞቅና የአፈር ሽታ ያለው ሲሆን ለማሳ ደርሷል።