የጎበጠው ጣሪያ መንስኤና ያደረግነው ጥገና

የወላጆቼ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ መሐሉ ላይ ጎብጦ፣ ግድግዳውም ከኮርኒሱ ሥር ተሰንጥቆ ባየሁ ጊዜ መጀመሪያ የጠረጠርሁት ምስጥን ነበር። ኮርኒሱን ከፍቼ የባሕር ዛፍ አጣናዎቹን በመዶሻ አንድ በአንድ ሳንኳኳቸው ግን ሁሉም ጤነኞች ነበሩ።

ጉዳቱ የተገኘው በካፕሪያታው፣ ማለትም ጣሪያውን በሚሸከመው ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት መዋቅር፣ የታችኛው አግዳሚ ላይ ነው። ይህ እንጨት በላዩ ተዘንብለው የተጋጠሙት ሁለት እንጨቶች በክዳኑ ክብደት ተገፍተው ወደ ውጭ እንዳይከፈቱ ስለሚይዝ ዘወትር በሁለት አቅጣጫ ይጎተታል፤ የእኛው ግን ከሁለት አጫጭር አጣናዎች ተቀጥሎ በ3 ሚስማር ብቻ የተመታ በመሆኑ፣ መጋጠሚያው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ተንሸራቶ ግፊቱን ለግድግዳው አሳልፎ ሰጥቶታል። (ሚስማር ለመቆጠብ ሲባል የተሠራ ይመስለኛል።)

ከአናጺው ጋር ካፕሪያታውን ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ በቋሚ ደግፈን፣ ከቋሚዎቹ ሥር ሽብልቅ እየመታን በ2 ቀን ቀስ በቀስ አነሣነው፤ ቆርቆሮው እንዳይቀደድ መቸኮል አልፈለግንም። ከዚያም መጋጠሚያውን በሁለቱም ጎን 1.20 ሜትር በሚረዝም ሞራሌ (በመጋዝ የተሰነጠቀ ባለ አራት ማዕዘን እንጨት) አቅፈን በ6 ብሎን ከነሮንዴላው (ከብሎኑ ሥር ከሚገባው ክብ ብረት ጋር) አሰርነው። ከቀሩት ካፕሪያታዎች አንዱም መንሸራተት ጀምሮ ስለነበር በዚያው መንገድ ተጠግኗል። ከክረምቱ በኋላ ሲባጎ ወጥሬ ስለካው አግዳሚው ከቦታው አልተነቃነቀም።