የእርጎ ማጥቀሻ ሲቀጥን፣ ሲያቃጥል፣ ሲኮመጥጥ፦ ችግርና መፍትሄ

እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ማጥቀሻው ግን እንደታሰበው አልሆነም። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከውሃ ስለሆነ ከሱ እንጀምር።

ቀጥኗል፣ ዳር ዳሩን ውሃ ይዟል

ሳህኑን ዘንበል ስታደርጉት ጠርዙ ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈሳሽ ካቆረ አጓት ነው። እርጎው በደንብ አልተጠለለም። ወንፊት ላይ ንጹሕ ስስ ጨርቅ አንጥፉ፣ እርጎውን ገልብጡበት፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አድርጉና ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተዉት። ካደረ እንደ ለስላሳ አይብ ይጠጥራል። መጠኑም በጣም ይቀንሳል፤ 1 ኪሎ እርጎ ወደ ግማሽ ኪሎ ሊወርድ ስለሚችል በርከት አድርጋችሁ ጀምሩ። አጓቱን አትድፉት። ማጥቀሻው ከጠጠረባችሁ በማንኪያ እየመለሳችሁ ታላሉበታላችሁ።

ተጠሎም ከቀጠነስ? ኪያር ገብቶበታል ማለት ነው። ኪያር 95 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፤ ጨው ሲነካው ደግሞ ያን ውሃ ይለቃል። ስለዚህ ለሁለት ሰንጥቁት፣ ፍሬውን በማንኪያ ጠርጋችሁ አውጡ፣ ፍቁትና ትንሽ ጨው ነስንሱበት። ከ15 ደቂቃ በኋላ እፍኝ እፍኝ እያደረጋችሁ ጭመቁት። በጣቶቻችሁ መሀል የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ ይፈሳል፣ ከዚያ ይንጠባጠባል። ጠብታው ሲያቆም ደርሷል። ኪያሩ ጨው ስለያዘ ማጥቀሻውን ሳትቀምሱ ሌላ ጨው አትጨምሩ።

ብሌንደርም ያቀጥናል፤ የረጋውን እርጎ ይሰባብረዋል። ማንኪያ ይበቃል።

ነጭ ሽንኩርቱ ያቃጥላል

ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ ነው የሚያቃጥለው ነገር የሚፈጠረው፤ ማጥቀሻው ሲቆይም ጣዕሙ እየጎላ ይሄዳል። ማታ ልክ የነበረው ጠዋት አፍ ይይዛል። ሎሚ ጭማቂ ውስጥ ደቁሳችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፤ ኮምጣጣው ኃይሉን ይቀንሰዋል። አንዴ ከተቀላቀለ ግን ማውጫ የለውም፤ ያለው መላ የተጠለለ እርጎ ጨምሮ ማብዛት ብቻ ነው።

ጣዕም የለውም

ሎሚ ከመጨመራችሁ በፊት ጨዉን አስተካክሉ። ቀዝቃዛ ምግብ ጨው የሚያንሰው ስለሚመስል፣ ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ካረፈ በኋላ ቅመሱት። ከሙን ከገባበትና ጣዕሙ አቧራ አቧራ ካለ አልታመሰም። ሳይፈጭ በደረቅ መጥበሻ ሽታው እስኪያውድ አምሱት፣ አቀዝቅዙና ፍጩት።

በጣም ኮምጥጧል

ስብ ያለው እርጎ ወይም የወይራ ዘይት ያለዝበዋል፤ ቁንጥር ስኳርም ይረዳል። ቤኪንግ ሶዳ ለማስገባት የሚቸኩል አለ። እኔ አልመክርም። አረፋ ያስነሳል፣ ከበዛም የሳሙና ጣዕም ይተዋል።

ተቆራርጧል

ትኩስ ነገር ገብቶበታል። የተጠበሰ አትክልትም ሆነ በቅመም የጋለ ዘይት ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ እርጎ ውስጥ አይገባም። በጣም ከተቆራረጠ አይመለስም፤ በአዲስ እርጎ ጀምሩ።

እንግዳ ሲዘገይ

ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አየሩ በጣም ከሞቀ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። በትንሽ ሳህን አቅርቡ፣ ሌላው ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ሲያልቅ አሮጌው ላይ አትደርቡበት፤ በንጹሕ ሳህን አዲስ አውጡ። የወይራ ዘይቱንና ናናውን ከላይ የምታደርጉት ልክ ሊቀርብ ሲል ነው፤ ቀድሞ የገባ ናና ይጠቁራል።