ከልጅ ልጆች ጋር በጀልባ እስከ ዓባይ መውጫ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የልጅ ልጆች ለእረፍት ባሕር ዳር ሲመጡ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ጉማሬ መቼ እናያለን?» ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ከከተማው በሞተር ጀልባ ቅርብ ነው። ቀኑን የምናበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እኛ አያቶች ነን።

ዋናው ስህተት ሁሉንም በአንድ ቀን ላሳያቸው ማለት ነው። አያት የጣናን ገዳማት በሙሉ ማሳለም ያምረዋል። ዘጌ ለመድረስ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከጀልባ ወርደው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሲሄዱ ደግሞ በቡናው ጫካ ውስጥ አቀበት አለ። የአምስት ዓመት ልጅ እዚያ ላይ «እዘሉኝ» ይላል፤ የእርስዎስ ጉልበት? ለትንንሾች ቅርብ ያለው የደብረ ማርያም ገዳምና የዓባይ መውጫ ይበቃሉ። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም። ወንዱን ይዘው ገብተው እህቱን ጀልባ ላይ ቢያስቀምጧት ኩርፊያው እስከ ማታ ነው። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችንም ይቀበላል።

አርፍዶ መነሳትም አለ። ቁርስ፣ ቡና፣ ጫማ ፍለጋ ሲባል አራት ሰዓት ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጣና ይናወጣል፤ ልጆቹም ያስመልሳቸዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነስተው ለምሳ ቢመለሱ ጥሩ ነው። ሽንት ቤት ሳይወስዷቸው እንዳይሳፈሩ!

የአዋቂ ላይፍ ጃኬት ለልጅ ማልበስ ግን ቀልድ አይደለም። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይሸሽና ልጁ ከሥሩ ይሾልካል። አልብሰው፣ ዘለበቱን ቆልፈው፣ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት። ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው። በልኩ የሚሆን ከሌለ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ። እርስዎም ይልበሱ፤ አያት ሳይለብሱ ልጅ አይለብስም።

ጉማሬው ብቅ ሲል ልጆቹ «ጠጋ እንበል!» ማለታቸው አይቀርም። ባለጀልባውም ጉርሻ አስቦ ሊጠጋ ይችላል። ዋጋ ስትነጋገሩ «ከሩቅ ነው የምናየው» ብለው ይጨርሱት። ጉማሬ ከጠለቀ በኋላ የት እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ግልገል የያዘችማ ጀልባም ቢሆን አትምርም። ደግሞ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይታይም፤ ስለዚህ ቃል አይግቡላቸው። ፔሊካን ካዩም ደስ ይላቸዋል።

ሲወርዱ ዳር ላይ ውሃ ውስጥ እንዲንቦጫረቁ መፍቀድም ስህተት ነው። ቢልሃርዚያ የተባለውን የትል በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ዳር ይኖራሉ። ትሉ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ ውሃውን ባይጠጡትም ይይዛል።

ታንኳ እንሳፈር ካሉ እምቢ ይበሉ። የደንገል ታንኳ ለለመደው ዓሣ አጥማጅ እንጂ ለሚቁነጠነጥ ልጅ አይሆንም። መሬት ላይ ተጎትቶ ሲደርቅ ካገኙት ግን ዳስሰው፣ ፎቶ ተነስተው ይምጡ።