ትራውማ፣ ሐዘንና ጭንቀት፦ አማካሪ ለየትኛው ምን ያድርግ?

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ልቤ ይመታል፣ ሰው ማየት አስጠላኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው የደረሰበት አደጋ አልለቅ ብሎት ሊሆን ይችላል። የሚወደውን ሰው አጥቶም ሊሆን ይችላል። ወይም ገና ያልመጣ ነገር እያስፈራው ይሆናል። ምልክቶቹ ይመሳሰላሉ፤ መፍትሔዎቹ ግን እርስ በርስ ይጋጫሉ። በትራውማ (አስደንጋጭ አደጋ በአእምሮ ላይ በሚተወው ቁስል) የተጎዳ ሰው የሆነውን ከመናገሩ በፊት መረጋጋት አለበት። ሐዘንተኛ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው አብሮት የሚቆይ ሰው ነው። ጭንቀት የያዘውን ሰው ደግሞ ማባበል ይብስበታል፤ የሚሻለው የሚሸሸውን ነገር በመጠን በመጠኑ ሲጋፈጥ ነው። በምክር አገልግሎት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስሕተት የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት ነው።

የመጀመሪያው ቀን

የምስጢር ጥበቃን ከነገደቡ ቀድመው ይንገሩ። የራሱ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ዝም እንደማይሉ ተመካሪው ይወቅ፤ ምስጢሩን ካወጣ በኋላ ቢሰማው እንደ ክህደት ይቆጥረዋል። ሙሉ ታሪኩን በዚህ ቀን አይጠይቁ። ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምን ያህል ቡናና አልኮል እንደሚጠጣ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር ይጠይቁ። የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥና መክሳት ካለ ሐኪም ይየው፤ ከመጠን በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ ጭንቀት መስሎ ይመጣል።

ራስን ስለ ማጥፋት ሳያድበሰብሱ ይጠይቁ፦ «ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ጥያቄው ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። መልሱ አዎ ከሆነ በምን፣ መቼ፣ ያሰበበት ነገር በእጁ እንዳለና እንደሌለ ይጠይቁ። «ራሴን አልጎዳም» ብሎ ማስፈረም ሕይወት አያድንም። የሚጠቅመው አብራችሁ የምትጽፉት የደኅንነት ዕቅድ ነው፦ ሐሳቡ ሊመጣ ሲል የሚታዩት ምልክቶች፣ ብቻውን ሳለ የሚያደርገው ነገር፣ የሚደውልላቸው ሰዎች፣ የሚሄድበት ሕክምና፣ አደገኛውን ነገር ከቤት የሚያወጣለት ሰው። ዕቅዱም መንገዱም ያለው ሰው ብቻውን ወደ ቤቱ አይሸኝም፤ ድንገተኛ ሕክምና ይወሰድ።

ትራውማ፦ ከመናገር በፊት መረጋጋት

አደጋው የደረሰው በቅርብ ቀናት ከሆነ ዝርዝሩን እንዲተርክ አይገፋፉት። ወዲያው በአንድ ስብሰባ ሁሉንም ማናዘዝ ማገገምን እንደማያፋጥን፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ ታውቋል። በነዚያ ቀናት የሚያስፈልገው ደኅና ቦታ፣ ምግብ፣ እንቅልፍና የቅርብ ሰው ነው። አብዛኛው ሰው በዚህ ያገግማል። ድኅረ አደጋ ሕመም የሚባለው ምልክቶቹ ከ1 ወር በላይ ሲቆዩ ነው።

ትውስታው ሲያጥለቀልቀው ወደ አሁን ይመልሱት። ዓይኑን አይጨፍን፤ ሲጨፍን ወደ አደጋው ሊመለስ ይችላል። ሁለቱን እግሮቹን መሬት ላይ ያሳርፍ። የሚያያቸውን 5 ነገሮች፣ የሚዳስሳቸውን 4፣ በጆሮው የሚሰማቸውን 3፣ የሚያሸታቸውን 2፣ የሚቀምሰውን 1 ጮክ ብሎ ይጥራ። ከዚያ ቀኑንና ያለበትን ቦታ ይናገር። ለትንፋሽ 4 እየቆጠረ ያስገባ፣ 6 እየቆጠረ ያስወጣ፣ ለ5 ደቂቃ። በኃይል በረጅሙ መሳብ ያዞራል፤ ዋናው ነገር ቀስ ብሎ ማስወጣቱ ነው። ታንቆ ወይም ታፍኖ የነበረ ሰው ግን ትንፋሹን ማዳመጥ ራሱ ሊያስደነግጠው ስለሚችል ለእሱ ቀዝቃዛ ውኃ በእጅ መያዝ ይሻላል። ደንዝዞ ዓይኑ የፈዘዘውን ሰው ደግሞ «ዘና በል» አይበሉት፤ ይነሣ፣ ይራመድ፣ ግድግዳ ይግፋ።

ሲረጋጋ ወደ ታሪኩ ይገባል። ስሜቱን ከ0 እስከ 10 እንዲመዝን በየመሐሉ ይጠይቁ። የ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከሆነ በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች አዲስ ትውስታ አይክፈቱ፤ ሰውየው 8 ላይ እያለ በሩን አልፎ ቢወጣ ሳምንቱን ሙሉ የሚከፍለው እሱ ነው። ትውስታውን ደጋግሞ በመተረክ የሚሠራው ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለ አደጋው የያዘውን እምነት የሚመረምረው ደግሞ 12 ገደማ። ሁለቱም ሥልጠና ይጠይቃሉ፤ ያልሠለጠነ አማካሪ ያረጋጋና ወደ ሠለጠነ ይላክ። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፦ ታሪኩን መስማት ራሱን አማካሪውን ስለሚያስፈራው ለወራት ትንፋሽ ብቻ ማለማመድ። ያ እርዳታ አይደለም፤ ሽሽቱን ማገዝ ነው።

ሐዘን

አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች (መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል) የሚባሉት በ1969 እ.ኤ.አ. ሲቀርቡ የተነሡት የራሳቸው ሞት ከቀረበ ሕሙማን ነበር። ሐዘንተኛን «አሁን የቁጣው ደረጃ ላይ ነህ» ማለት ያሳስተዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ሽትሮበ እና ሹት ያቀረቡት ሐሳብ ለሥራ የተሻለ ነው፦ ሐዘንተኛ በማጣቱና በዕለት ኑሮው መካከል ይመላለሳል፤ ጧት ያለቅሳል፣ ከሰዓት ሥራ ይፈልጋል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በአንዱ ጎን ላይ ብቻ ሲቆይ ግን ምክንያቱ ይመርመር።

የሟቹን ስም ይጠይቁና በስሙ ይጥሩት። «ሞተ» የሚለውን ቃል አይፍሩት። «እኔ ነኝ የገደልኩት» ሲል «ጥፋትህ አይደለም» ለማለት አይቸኩሉ፤ አፉን ይዘጋዋል። ምን ማድረግ ነበረብኝ እንደሚልና ያን ቀን ምን ያህሉን ያውቅ እንደነበር ይጠይቁ። ሟቹ የተወውን ዕቃ እንዲያስወግድ አይገፋፉት። ሙት ዓመቱ ከመድረሱ 2 ሳምንት በፊት ቀኑን የት፣ ከማን ጋር እንደሚውል አብራችሁ አስቡ።

ናፍቆቱ በየቀኑ ሲያሰቃይና ኑሮውን ሲያቆም የተራዘመ ሐዘን ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ከ6 ወር፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ ለአዋቂዎች ከ12 ወር ጀምሮ ይቆጥራል። ሞቱ በኃይል የተፈጸመ ከሆነ የአሟሟቱ ምስል የሟቹን ሕይወት ትዝታ ስለሚጋርድ ቅድሚያ ለትራውማው ይሰጥ።

ጭንቀት

መጀመሪያ ክቡን በወረቀት ይሳሉት፦ ፍርሃት፣ ሽሽት፣ እፎይታ፣ የባሰ ፍርሃት። ያ እፎይታ ጭንቀቱን የሚመግበው መሆኑ ሳይገባው መለማመድ አይጀምርም። ቀጥሎ የሚሸሻቸውን ከ8 እስከ 10 ነገሮች ከቀላል ወደ ከባድ ያሰልፉ፤ የፍርሃቱን መጠን ከ0 እስከ 10 ሲመዝን 3 ወይም 4 በሰጠው ይጀምሩ። ከመግባቱ በፊት «ምን ይደርሳል?» የሚለውን ይጻፍ። ሲወጣ ከሆነው ጋር ያስተያየው፤ ትምህርቱ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። በሳምንት አንድ ቀን አይበቃም፤ በአብዛኞቹ ቀናት ይደገም።

ልምምዱ ሳይሠራ ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ የተደበቀ መከታ አለ፦ ኪስ ውስጥ ያለ ኪኒን፣ አብሮ የሚሄድ ወንድም፣ ከእጅ የማይለይ ስልክ። ሰውየው የዳነው በመከታው እንደሆነ ያምናል። ለትራውማው ያስተማሩት ትንፋሽም እዚህ መከታ ሊሆን ይችላል፤ በመጋፈጥ ሰዓት ይቅር። የአማካሪው «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም» ሲደጋገም ያው መከታ ነው። ደም ሲያይ ራሱን የሚስት ሰው ግን የተለየ ነው፤ የደም ግፊቱ ስለሚወርድ የእጁን፣ የሆዱንና የእግሩን ጡንቻ ለ10–15 ሰከንድ ማጥበቅ፣ መልቀቅ፣ 5 ጊዜ መደጋገም ይማር።

ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ቅድሚያ ለሕይወት አደጋ፣ ቀጥሎ ለእንቅልፍና ለአልኮል ይሰጥ። ለጭንቀት «ጋድ-7» የተባለው የ7 ጥያቄዎች መመዘኛ ከ0 እስከ 21 ነጥብ አለው፤ 10ና ከዚያ በላይ ጠለቅ ያለ ምርመራ ይፈልጋል። በየ2 ሳምንቱ ይሙላው። ከ6 ክፍለ ጊዜ በኋላ ነጥቡ ንቅንቅ ካላለ ልምምዱን ከመጨመር በፊት ወደ መጀመሪያው ቀን ጥያቄዎች ይመለሱ፤ ያልተናገረው መጠጥ፣ እስካሁን የሚመታው ሰው፣ ያልታየ የሰውነት ሕመም ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። ጉዳዩንም ለተቆጣጣሪ ባለሙያዎ ያቅርቡ።