በቤዝቦል የዕረፍት ወራት ዝውውር ሲመዘን የሚሠሩ ስህተቶች

ብራይስ ሃርፐር በ2019 ፌብሩዋሪ መጨረሻ ከዋሽንግተን ናሽናልስ ተለይቶ ለፊላዴልፊያ ፊሊስ የ13 ዓመት፣ የ330 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ኮከቡ ሲሄድ ዋሽንግተን ያለቀለት መስሎ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 30 ግን ሂዩስተን አስትሮስን በሰባተኛው ጨዋታ ረትቶ የወርልድ ሲሪስን (የሊጉን የፍጻሜ ግጥሚያ) ዋንጫ ያነሳው ናሽናልስ ነው። በየዓመቱ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እየተባለ ለክለቦች ውጤት ይሰጣል፤ አብዛኛው ፍርድ የሚስተው ከስም በላይ መቁጠር ስለሚሰለች ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዓይን ማየት

በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ካለው ሐበሻ ቤዝቦልን የለመደው አብዛኛው ከእግር ኳስ የመጣ ነውና የመጀመሪያው ጥያቄው «ለምን አልሸጡትም?» ነው። በቤዝቦል እንደ እግር ኳሱ አንዱ ክለብ ለሌላው መቶ ሚሊዮን ከፍሎ ተጫዋች አይገዛም። ተጫዋች የሚሄደው ውሉ አልቆ ነፃ ሲወጣ ወይም በሌሎች ተጫዋቾች ሲለወጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ዓመት ይቀረዋል?» የሚለው ነው።

ቆጠራው እንዲህ ነው። በዋናው ሊግ 172 ቀን መዝገብ ላይ የዋለ ተጫዋች አንድ ዓመት ይቆጠርለታል። ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በክለቡ እጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ክፍያው ወደ ዝቅተኛው ደመወዝ የተጠጋ ነው (በ2025 ዝቅተኛው 760,000 ዶላር ነበር)፤ ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ካልተስማሙ ደመወዙን የግልግል ዳኞች ይቆርጡታል። ሁለት ዓመት የቀረው መካከለኛ ተጫዋች በልውውጥ ገበያ ላይ ግማሽ ዓመት ከቀረው ኮከብ የሚበልጥ ዋጋ ሊያወጣ የሚችለው ለዚህ ነው።

ኮከቡ በነፃ ሲሄድ ክለቡ ባዶ እጁን እንዳይቀር አስቀድሞ የአንድ ዓመት ውል ያቀርብለታል (ለ2026 የውድድር ዓመት መጠኑ 22.025 ሚሊዮን ዶላር ነበር)። እሱ እምቢ ብሎ ሌላ ጋ ከፈረመ የቀድሞ ክለቡ በወጣቶች ምርጫ ተጨማሪ ዕድል ያገኛል። ይህም ቢሆን እኩል አይደለም፦ ናሽናልስ በ2018 የቅንጦት ታክሱን ጣሪያ (ለተጫዋቾች የሚከፈለው ድምር ሲያልፈው ታክስ የሚያስከፍለውን ወሰን) አልፎ ስለነበር ለሃርፐር ያገኘው ካሳ ከአራተኛው ዙር በኋላ የሚመረጥ አንድ ወጣት ብቻ ሆነ።

መስኮቱም በውድድሩ መጀመሪያ አይዘጋም። ልውውጥ እስከ ጁላይ መጨረሻ አካባቢ ክፍት ነው፤ ክለብ የሌለው ተጫዋች ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ይፈርማል። ለናሽናልስ በ2019 ሄራርዶ ፓራ የመጣው ሳን ፍራንሲስኮ ካሰናበተው በኋላ በሜይ ነው። የወርልድ ሲሪሱን የመጨረሻ ኳስ የወረወረው ዳንኤል ሃድሰን ደግሞ የደረሰው በጁላይ 31 ነበር።

የውሉን ድምር ብቻ አንብቦ መፍረድ

«700 ሚሊዮን!» ተብሎ ሲጮህ ሦስት ቁጥሮች ተለያይተው ይታዩ፦ በየዓመቱ በእጅ የሚከፈለው፣ ለታክስ የሚቆጠረውና ለኋላ የሚቆየው። ሾሄ ኦታኒ በዲሴምበር 2023 ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር የ10 ዓመት፣ የ700 ሚሊዮን ውል ሲፈርም በየዓመቱ የሚወስደው 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። ቀሪው 680 ሚሊዮን ከ2034 እስከ 2043 በዓመት 68 ሚሊዮን ያለ ወለድ ይከፈለዋል። ከዓመታት በኋላ የሚገኝ ዶላር ከዛሬው ዶላር ስለሚያንስ፣ ለታክስ የሚቆጠርበት በዓመት 70 ሳይሆን ወደ 46 ሚሊዮን ገደማ ነው። ኹዋን ሶቶ ዓመት ቆይቶ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር የፈረመው የ15 ዓመት፣ የ765 ሚሊዮን ውል ግን የሚቆይ ክፍያ የለበትም። ሁለቱን በድምር ብቻ ማወዳደር ጥሬ ገንዘብን ከዱቤ ጋር ማወዳደር ነው።

ዱቤውን ዶጀርስ አልፈጠረውም። ናሽናልስ በ2015 ማክስ ሸርዘርን በ210 ሚሊዮን ሲያስፈርም ግማሹን አቆይቶ በዓመት 15 ሚሊዮን እስከ 2028 ለመክፈል ተስማማ። ሸርዘር በዚህ ክለብ ሁለት የሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ) ሽልማትና አንድ ዋንጫ ስላመጣ ያ ዱቤ አያስቆጭም።

የታክሱም ስሌት ይሳታል። በ2026 ጣሪያው 244 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ታክሱ የሚጣለው ከጣሪያው በላይ በተከፈለው ላይ እንጂ በጠቅላላው ክፍያ ላይ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈ ክለብ ከጣሪያው በላይ ከከፈለው 20 በመቶ፣ በተከታታይ ሲደግመው 30፣ ከዚያ በኋላ 50 ይከፍላል፤ ጣሪያውን በ20 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ላለፈ ተጨማሪ ቅጣት አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ 254 ሚሊዮን የደረሰ ክለብ ታክሱ 2 ሚሊዮን ነው። ይህን ማንም የክለብ ባለቤት ሊችለው ይገባል። ለታክስ የሚቆጠረው ድምሩ ለዓመታቱ ተካፍሎ ስለሆነ የሃርፐር 330 ሚሊዮን በ13 ዓመት ወደ 25.4 ሚሊዮን ይወርዳል፤ ክለቦች ረጅም ዓመት የሚሰጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ወንበሩን ሳይቆጥሩ ተጫዋች መደርደር

«እሱንም እሱንም እናምጣ» ከማለት በፊት ወረቀት ይያዙና 26 መስመር ያስምሩ፤ ለጨዋታ የሚቀርበው ቡድን 26 ሰው ነው። ከ26ቱ ወርዋሪዎች ከ13 መብለጥ አይችሉም፤ በተለምዶ አምስት ጨዋታ ከፋች፣ ስምንት ተተኪ። ከቀሪዎቹ 13 ሁለቱ ካቸሮች (የወርዋሪውን ኳስ ተቀባዮች) ናቸው። ዘጠነኛ ተተኪ ወርዋሪ ሲያስፈርሙ የሚወጣውን ስም እዚያው ይጻፉ።

ከዚያ በየስሙ አጠገብ የቀረውን ኦፕሽን ያስፍሩ። አንድ ተጫዋች ወደ ማይነር ሊግ (የታችኛው ሊግ) በነፃነት የሚላክበት ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ በአንድ ውድድር ዓመት 20 ቀን እዚያ ከቆየ አንዱ ይቃጠላል። ኦፕሽን ያለቀበትን ለማውረድ መጀመሪያ ለሌሎች ክለቦች ሁሉ መቅረብ አለበት፤ የፈለገ ይወስደዋል። በጃንዋሪ ግራ የሚያጋባ ትንሽ ልውውጥ ሲታይ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ አምድ ውስጥ ነው። ከ26ቱ በላይ የ40 ሰው መዝገብ አለ፤ እሱ ከሞላ አዲስ ለፈረመ ሁሉ አንድ ሰው ይወጣል። ከመዝገቡ ውጭ የተተወ ወጣት ደግሞ በዲሴምበር ምርጫ በ100,000 ዶላር ሊወሰድ ይችላል፤ የወሰደው ክለብ ግን ዓመቱን ሙሉ ከ26ቱ ውስጥ ካላቆየው መጀመሪያ ለሌሎች ክለቦች ያቀርበዋል፤ የሚወስደው ከጠፋ ለቀድሞ ክለቡ በ50,000 ይመልሰው ዘንድ ያቀርባል።

ላለፈው ዓመት መክፈል

ይህ ደጋፊውንም ሥራ አስኪያጁንም እኩል ይጥላል። ስቲቨን ስትራስበርግ በ2019 209 ኢኒንግ (ጨዋታው የሚከፈልባቸው ዙሮች) ወርውሮ የወርልድ ሲሪሱ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ በዲሴምበር ናሽናልስ የ7 ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ውል ሰጠው። ከዚያ በኋላ የከፈታቸው ጨዋታዎች ስምንት ብቻ ናቸው። 31 ዓመት የሞላው፣ ክርኑ አስቀድሞ የተቀደደና የተጠገነ፣ በዚያ ላይ እስከ ወቅቱ መጨረሻ የወረወረ ክንድ ነበር። አደጋው ፊት ለፊት ይታይ ነበር፤ ጭብጨባው ሸፈነው እንጂ።

በወርዋሪው ፓትሪክ ኮርቢን ላይ መፍረድ ግን ከባድ ነው። በ2018 በአሪዞና 200 ኢኒንግ ላይ 246 ስትራይክአውት (መቺን ኳሱን ሳይመታ ማስወጣት) ስለነበረው ናሽናልስ የ6 ዓመት፣ 140 ሚሊዮን ሰጠው። በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ሠራ፤ የሰባተኛውን ጨዋታ ሦስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ዘግቶ አሸናፊው ወርዋሪ ተባለ። በ2021 ግን በሊጉ ብዙ ከተሸነፉት አንዱ፣ በ2022 ደግሞ ብዙ የተሸነፈው እሱ ነበር። ውሉ ክፉ ነበር? አምስት መጥፎ ዓመት ከፍሎ አንድ ዋንጫ የሚወስድ ከተማ ብዙ ነው።

በተተኪ ወርዋሪዎች ላይ ደግሞ ያለፈው ዓመት ጨርሶ አይታመንም፤ በዓመት 60 ኢኒንግ ገደማ ስለሚወረውሩ ጥቂት መጥፎ ቀኖች ቁጥሩን ያጠፉታል። ትሬቨር ሮዘንታል ከክርን ቀዶ ጥገና ተመልሶ በ2019 ለናሽናልስ ባደረጋቸው የመጀመሪያ አራት ጨዋታዎች አንድም መቺ አላስወጣም፤ በኋላም ተሰናበተ፤ ግን በ2020 ለካንሳስ ሲቲና ለሳን ዲዬጎ ግሩም ነበር።

ሐኪም ሳያይ ማክበር

«ተስማሙ» ማለት ፈረሙ ማለት አይደለም። ካርሎስ ኮሬያ በ2022 ዲሴምበር ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር በ350 ሚሊዮን ተስማማ፤ ሐኪሞች የቀኝ እግሩን ሲያዩ ነገሩ ፈረሰ። ከሜትስ ጋር በ315 ሚሊዮን ተስማማ፤ ያም ፈረሰ። በመጨረሻ በሚኒሶታ የ200 ሚሊዮን ዋስትና ያለው ውል ፈረመ። ማልያውን መግዛቱ ይቆይ።

ልውውጥን በዚያው ቀን መዳኘት

ናሽናልስ በኦገስት 2022 ሶቶን ለሳን ዲዬጎ ሲሰጥ ያመጣቸው ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ውድና ሌሎች በዚያን ቀን ከሶቶ ጋር የሚወዳደሩ አልነበሩም። ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ውድ በ2025 የኦል ስታር (የሊጉ ምርጦች ጨዋታ) ተጫዋች ሆኑ። ናሽናልስ ግን በእነዚያ ዓመታት ከተሸናፊዎቹ ወገን አልወጣም። ሁለቱም እውነት ነው። የወጣት ልውውጥ የሚመዘነው የመጣው ልጅ ነፃ እስኪወጣ በሚቆጠሩት ስድስት ዓመታት ነው፤ የውድ ቆጠራ ደግሞ ዋናው ሊግ ላይ በታየበት በጁላይ 1, 2024 ነው የጀመረው።