ኤዲተሩና ሜክ ሳይግባቡ ሲቀሩ፦ ችግርና መፍትሔ

ደሴ ውስጥ ኮድ መጻፍ ከሚለማመዱ ወጣቶች ጋር ስሠራ ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ «ኤዲተሩ ላይ ምንም ስሕተት የለም፤ ሜክ ግን እምቢ አለኝ» የሚል ነው። ኤዲተር ኮዱን የምንጽፍበት ፕሮግራም ነው፤ ሜክ ደግሞ በፋይል የተጻፉለትን ትእዛዞች ተከትሎ ከኮዱ ፕሮግራም የሚያስገነባ መሣሪያ ነው። የአለመግባባቱ መነሻ ብዙ ጊዜ ለዓይን የማይታይ ነገር ስለሆነ፣ ትክክለኛውን ኮድ ከማበላሸት በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ይገባል።

ምልክት፦ ሜክ የመስመር ቁጥር ጠቅሶ «ሚሲንግ ሴፓሬተር» (መለያው ጎድሏል) ይልና ይቆማል።

ምክንያት፦ ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ የሠራው ይህ መሣሪያ በትእዛዝ ፋይሉ (ሜክፋይል) ውስጥ ያለ የትእዛዝ መስመር ሁሉ በታብ እንዲጀምር ይጠይቃል፤ ኤዲተሩ ግን በታብ ፈንታ አራት ስፔስ እንዲያስገባ ተስተካክሎ ይሆናል፤ አለዚያም መስመሩ ከድረ ገጽ ሲገለበጥ ስፔሱን ይዞ መጥቷል። ለመለየት ጠቋሚውን መስመሩ መጀመሪያ ላይ አድርጎ የቀኝ ቀስቱን አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ እስከ መጀመሪያው ፊደል ከዘለለ ታብ ነው፣ ትንሽ ብቻ ፈቀቅ ካለ ስፔስ ነው።

መፍትሔ፦ ቪኤስ ኮድ በተባለው ኤዲተር ላይ ከታች በቀኝ በኩል «ስፔስስ» የሚለውን ጽሑፍ ተጭኖ ወደ ታብ መቀየር ይቻላል። ብዙ ሰው በሚሠራበት ፕሮጀክት ግን ደንቡን በኤዲተርኮንፊግ ፋይል (ለፕሮጀክቱ ኤዲተሮች ሁሉ የጋራ ደንብ በሚይዝ ፋይል) ማስፈሩን እመርጣለሁ፤ ቪኤስ ኮድ ይህን ፋይል የሚያነበው ኤክስቴንሽኑ (ተጨማሪ መሣሪያው) ሲጫንለት መሆኑ አይዘንጋ።

ምልክት፦ ኮምቦልቻ ያለ ባልደረባ ዊንዶውስ ላይ ጽፎ በፍላሽ የላከው የሼል ስክሪፕት (የትእዛዞች ዝርዝር የያዘ ፋይል) ሊኑክስ ላይ በሜክ ሲጠራ፣ ፋይሉ ፊታችን እያለ «አልተገኘም» ይባላል። የዊንዶውስ የመስመር መጨረሻ ተጨማሪ ስውር ምልክት ስላለው ነው፤ እዚያው ቪኤስ ኮድ ላይ ከታች «ሲአርኤልኤፍ» (የዊንዶውስ የመስመር መጨረሻ) የሚለውን «ኤልኤፍ» (የሊኑክሱን) አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ ያደከመኝ ሦስተኛው ነው።

ምልክት፦ ኮዱ ተስተካክሎ ሴቭ ተደርጓል፤ ሜክ ግን «አፕ ቱ ዴት» (አዲስ ለውጥ የለም) ብሎ የድሮውን ፕሮግራም እንዳለ ይተወዋል።

ምክንያት፦ ሜክ የፋይሉን ይዘት አያይም፤ የሚያነጻጽረው ፋይሎቹ የተቀመጡበትን ሰዓት ነው። መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ባትሪው የሞተበት አሮጌ ዴስክቶፕ ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ መልሶት ስለነበር፣ አሁን የተጻፈው ኮድ ትናንት ኮምፓይል ከተደረገው (ወደ ፕሮግራም ከተቀየረው) ያረጀ መስሎ ታየው።

መፍትሔ፦ በመጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን ማስተካከል፣ ቀጥሎ ሜክን ከትልቁ «ቢ» አማራጭ (-B) ጋር አስነሥቶ ሁሉንም እንደ አዲስ ማስገንባት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ በብዙ ዴስክቶፖች ባለ 3 ቮልቷ ሲአር2032፣ እስክትቀየር ድረስ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ኤዲተሩን ከመክፈት በፊት ቀኑን ማየት ያስፈልጋል።